ቁምሳ በጅማ፦ ሆቴል፣ ፉል ቤት፣ ካፌ ወይስ ጀበና ሥር?

እሁድ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ጅማ ውስጥ ያልራበው ሰው የለም። ቅዳሴ የሄደው ተመልሷል። ቅዳሜ ያመሸው ገና ፊቱን መታጠቡ ነው። ቁርስ እንዳይባል ረፍዷል፣ ምሳ እንዳይባል ገና ነው። የኛ ሰፈር ልጆች ቁምሳ ይሉታል፤ ቁርስና ምሳ ባንድ ወጪ።

ታዲያ የት እንቀመጥ?

ብዙ ሰው መልሱን የሚጀምረው ከምግቡ ነው። «እዚያ ጨጨብሳው ይጥማል፣ እዚህ ፉሉ አንደኛ ነው» ይባላል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። አሁን ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። እንቁላሉ ያው እንቁላል ነው። አቮካዶውም ቅቤውም ከዚያው ከጅማ መርካቶ ነው የሚገዛው። ቤቶቹን የሚለያቸው መስተንግዶው ነው፤ እሱም በሁለት አጋጣሚ ይታያል። አንዱ ገብታችሁ ከተቀመጣችሁ በኋላ ያለው 5 ደቂቃ ነው። ሌላው ሒሳብ ከጠየቃችሁ በኋላ ያለው 5 ደቂቃ። መሐል ላይ የሚበላሸውን ነገር ሆዳችን ስለሞላ ይቅር እንላለን።

ስለዚህ አራቱንም ምርጫ በዚህ ዓይን እንያቸው።

ሆቴል

አንድ ጊዜ አጎቴ ከነቤተሰቡ ከአጋሮ መጣ። እኔን ጨምሮ 7 ሆንን። አሳቤ ቁምሳ አብልቼ ጅሬን ላወጣቸው ነበር፤ ልጆቹ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይተውት አያውቁም። ትልቅ ሰውና ሕፃን ስላለ ሆቴል ይሻላል ብዬ ግቢው ዛፍ የሞላበት አንድ ሆቴል ወሰድኳቸው። ስሙ ይቅር።

ጃንጥላ ሥር ተቀመጥን። ሦስት አስተናጋጆች ካውንተሩ አጠገብ ቆመዋል። አንዷ ትሪ ትወለውላለች። ሁለቱ ስልክ ያያሉ። ማንም ዞር ብሎ አላየንም። አጎቴ እንደ ድሮው ሁለት ጊዜ አጨበጨበ። ሜኑ ሲመጣ 12 ደቂቃ አልፏል።

ያዘዝነውን ልንገራችሁ። ሁለት ጨጨብሳ፣ ሁለት እንቁላል ፍርፍር፣ አንድ ገንፎ፣ አንድ የጾም ፍርፍር፣ ለትንሿ ልጅ ፓንኬክ። ማኪያቶው ወዲያው መጣ፤ ባዶ ሆድ ላይ ጠጥተን ጨረስነው። ከዚያ በኋላ ዝም። ስንጠይቅ «እየደረሰ ነው»። ደግመን ስንጠይቅ «መጣ፣ መጣ»። አጎቴ ሰው ማስቀየም አይወድም። አስተናጋጇን ጠራትና በቀስታ «የኔ ልጅ፣ እንቁላሉን የምትጥለው ዶሮ ገና አልመጣችም እንዴ?» አላት። ሳቀች። ወደ ኩሽና ሮጠች። በዚያው ቀረች።

ከ50 ደቂቃ በኋላ ምግቡ እየተንጠባጠበ መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ አንዱ ፍርፍር፣ ቀጥሎ ገንፎው፣ ቆይቶ የቀረው። መጨረሻ ላይ «ፓንኬክ አልቋል» ተባለ። ልጅቷ አለቀሰች። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. 54 ዓመት ነግሠዋል፤ እኛም ያን ቀን ወንበራችን ላይ ልንስተካከላቸው ጥቂት ነበር የቀረን። እውነቱን ለመናገር ጨጨብሳው ግሩም ነበር። ቤት ስንመለስ ግን ስሙን ያነሣው ሰው የለም። የተወራው ስለ ዶሮዋ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው? ግማሹ የኔ ነው። ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ ለሆቴል ኩሽና ክፉ ሰዓት ነው። የቁርሱ ሥራ አላለቀም፣ የምሳው ሽንኩርት መከተፍ ጀምሯል። ምድጃው ላይ የወጥ ድስት ተጥዷል። በዚያ መሐል 7 ሰው አምስት ዓይነት ምግብ ሲያዝ እያንዳንዱ የራሱን መጥበሻ ይፈልጋል። ጨጨብሳ ቂጣው ተጋግሮ ከጠበቀ ቶሎ ይደርሳል፤ ካልተጋገረ ከዱቄቱ ነው የሚጀመረው። ገንፎ ደግሞ ሳያቋርጥ የሚያማስል ሰው ይፈልጋል።

የቀረው ግማሽ ግን የቤቱ ነው። የማኔጅመንት ምሁሩ ዴቪድ ማይስተር እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ወረፋ ሲጽፍ ሁለት ነገር አንሥቷል፤ ጅማ ተቀምጦ የጻፈው ነው የሚመስለው። አንደኛው፣ ገና አገልግሎት ሳይጀመር የሚጠበቀው ጊዜ ከተጀመረ በኋላ ከሚጠበቀው የበለጠ ይረዝማል። ሁለተኛው፣ ለምንና እስከ መቼ እንደሚቆይ ያልተነገረን ጊዜ ከተነገረን ይረዝማል። ያቺ አስተናጋጅ ስንገባ ውሃ አምጥታ «ኩሽና ተጨናንቋል፣ 40 ደቂቃ ይወስዳል፣ ፍርፍር ብቻ ከሆነ ግን 15» ብትለን ኖሮ ፍርፍር በልተን ጅሬን እንወጣ ነበር።

ይህን ሁሉ ብዬ ሆቴል አትሂዱ ማለቴ አይደለም። ወንበሩ መደገፊያ አለው። ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው። ልጅ ይሮጥበታል። የጅማ ዝናብ ሳያስጠነቅቅ ሲመጣ መጠለያ አለ። ሁለት ሰዓት ብትቀመጡ የሚገላምጣችሁ የለም። ያቺ ከአስተናጋጅ ዓይን ያመለጠች ጠረጴዛ ለረጅም ወሬ ደግሞ በረከት ናት። ሽማግሌ፣ ሕፃን፣ ወይም ሽምግልና ነክ ጉዳይ ካለባችሁ ከሆቴል የሚሻል የለም።

ግን በብልሃት ግቡ። 3 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ድረሱ፤ ወይም ማታ ደውላችሁ እዘዙ። ከሁለት ዓይነት በላይ ምግብ አትዘዙ። አስተናጋጁ ሲመጣ «ምን አለ?» አትበሉት፤ ሜኑውን ያነብላችኋል። «ዛሬ ምን የለም?» በሉት። በዚህች ጥያቄ ብቻ ስንት ፓንኬክ እንዳተረፍኩ አትጠይቁኝ። የምረቃ ሰሞን ከሆነ ደግሞ ሆቴሉን እርሱት። ከየአገሩ የመጣ ወላጅ አበባ ይዞ እያንዳንዱን ወንበር ይዞታል።

ፉል ቤት

ሄርማታ መርካቶ አካባቢ የማዘወትራት አንዲት ቁርስ ቤት አለች። በሯ ግማሹ ሁሌ ዝግ ነው፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ስትገቡ በስተቀኝ ጥቁር የጠቆረ ትልቅ ድስት አለ። ባቄላው ማታ ተዘፍዝፎ፣ ተቀቅሎ፣ ሌሊቱን ከሰል ላይ ሲንተከተክ ያደረ ነው። የፉል ምሥጢር ይኼ ነው። የሚጠበቀውን ሁሉ ባቄላው ሌሊት ጠብቆታል። እናንተ የምትጠብቁት መፈጨቱን፣ ዘይቱን፣ ሽንኩርትና ቲማቲሙን ብቻ ነው።

ልጁ ሽርጡን እንዳሸረጠ ገና በሩ ላይ ያያችኋል። «አካም ቡልተን» ካላችሁት በኦሮምኛ ይመልሳል፤ «እንደምን አደርክ» ካላችሁት በአማርኛ። ከሁለት ጓደኛ ጋር ስትገቡ ለአንዱ ባንዱ፣ ለሌላው በሌላው ያወራል፣ ራሱም ሳያስተውለው። ምንም አይጽፍም። ዞር ብሎ «አንድ ኖርማል፣ ሁለት ስፔሻል፣ አንዱ ያለ ቅቤ፣ ቃሪያ ይብዛ!» ብሎ ይጮኻል። ስፔሻሉ እንቁላል፣ አቮካዶና እርጎ የተደረገበት ነው። የብረት ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ቅቤው ዳርና ዳሩን ገና ይጮኻል። ዳቦው ትኩስ ነው። ከተቀመጣችሁ 5 ደቂቃ አልሞላም።

አንድ ዓርብ ተሳሳቱ። ያለ ቅቤ ብዬ ያዘዝኩት ፉል ቅቤ ጠግቦ መጣ። ጾም ነበር። ልጁ «እኔ ብያለሁ» ማለት ሲጀምር የቤቷ ባለቤት ከድስቱ አጠገብ ተነሥተው መጡ። ሳህኑን አነሡ። «የኛ ጥፋት ነው የኔ ጌታ» አሉ፣ አለቀ። ሌላው በ3 ደቂቃ መጣ። የሻዩን ሒሳብ አልተቀበሉኝም። ከዚያ ወዲህ ልጁ ዓርብና ረቡዕ ሳልነግረው «ያለ ቅቤ!» ብሎ ይጮኻል። ሦስት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1988 የአገልግሎት ጥራትን በአምስት ከፍለው ነበር፤ የቤቱ ገጽታ፣ ያሉትን መፈጸም፣ ፈጥኖ መድረስ፣ እምነት ማሳደር፣ ለሰው ማሰብ። ከሁሉም በላይ ሰው የሚፈልገው ያሉትን መፈጸምን ሆኖ አገኙት። ያቺ ቤት በገጽታ ከአሥር ሦስት አታገኝም። በቀሩት አራቱ ግን ግቢው ዛፍ የሞላበትን ሆቴል ታስንቃለች።

አሁን ችግሯን። ጠረጴዛው የጋራ ነው፤ ፊት ለፊታችሁ የማታውቁት ሰው ይቀመጣል። ስትጨርሱ ሳህኑ ከፊታችሁ ይነሣል፤ ተነሡ ማለት ነው። ክፋት የለበትም፣ በር ላይ የቆመ ሰው አለ። ወሬ ያላችሁ ሰዎች አትሂዱ። ሽንት ቤቱን አታንሡብኝ። ንጽሕናውን ለመገመት ግን የእጅ መታጠቢያውን እዩ። ሳሙና ካለ፣ ውሃ ሲጠፋ በጆግ የሚያስታጥብ ካለ፣ ኩሽናውም ደህና ነው ብዬ እገምታለሁ። ጠረጴዛ የሚጠረግበት ጨርቅ ሌላው ምስክር ነው። ቀለሙ ካልታወቀ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አታስቀምጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጅማ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ባንድ ጠረጴዛ የሚቀርብባት ከተማ ናት። ፉል፣ ጨጨብሳ፣ እንቁላል ሁላችንንም ያግባባናል። ዱለት ወይም ጥብስ ሲታሰብ ግን የማን ሥጋ እንደሆነ ይጠየቃል። ጎበዝ አስተናጋጅ ጓደኛሞቹን አይቶ ሳይጠየቅ ቀድሞ ይናገራል። ሰነፉ በልታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ይነግራችኋል። ይኼኛው በይቅርታ የሚታለፍ ስሕተት አይደለም።

ካፌ

ስለ ካፌ ብዙ የምለው የለኝም። ለሁለት ሰው ጥሩ ነው፤ በተለይ አንደኛው ለሌላኛው ገና አዲስ ከሆነ። ኬክ፣ ሳምቡሳ፣ ክለብ ሳንድዊች፣ የአቮካዶና ማንጎ ስፕሪስ። አስተናጋጆቹ ቶሎ ይመጣሉ፤ ወንበሩ ቶሎ እንዲለቀቅ ስለሚፈለግ ነው። እሁድ ግን የማሽኑን ነገር አስቡ። አንዱ ቡና ብቻ ተጠልሎ እስኪወርድ 25 እና 30 ሰከንድ ይፈጃል፤ ወተት ማፍላቱ አለ። ማሽኑ ባንዴ የሚያወጣው ሁለት ሦስት ስኒ ነው። ካፌው ውስጥ 40 ሰው ካለ ማኪያቷችሁ መቼ እንደሚደርስ ራሳችሁ አስሉት።

መብራት ከጠፋ ደግሞ ማሽኑም ጁስ መፍጫውም አብረው ይሞታሉ። የቀረው ኬክና ለስላሳ ነው። ይኼን በሩ ላይ የሚነግራችሁ ካፌ ካገኛችሁ ደንበኛ ሁኑ። ብዙዎቹ ካስቀመጧችሁ በኋላ ነው የሚነግሯችሁ።

ጀበና ሥር

ጀበና መብራት አያሳስበውም። ከሰል ነው።

ይኼ ምርጫ የምግብ ቤት መልክ የለውም፤ ብዙ ሰው ከቁጥር አያስገባውም። አሠራሩ ግን ቀላል ነው። ፈጢራ ከማር ጋር፣ ወይም ትኩስ ጳስቲና ሳምቡሳ ከጎረቤት ትገዛላችሁ። ይዛችሁ ቡና የምታፈላው ልጅ ጋ ትሄዳላችሁ። በርጩማ ላይ ትቀመጣላችሁ። ሣሩ ተጎዝጉዟል፣ ፈንዲሻው ተበትኗል። ከዚያ ትጠብቃላችሁ፤ ብዙ ትጠብቃላችሁ።

ግን ልብ በሉ፣ እዚህ የሚማረር ሰው አላየሁም። ቡናው ዓይናችሁ ሥር ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጭሱ ወደናንተ ይዞራል፣ እናንተም በእጃችሁ ወደ አፍንጫችሁ ትስቡታላችሁ። ይወቀጣል። ጀበናው ገንፍሎ ትመልሰዋለች። አቦል እስኪወርድ ያለው ጊዜ ሆቴሉ ሜኑ ለማምጣት ከፈጀው 12 ደቂቃ ይረዝማል፤ ግን ገና ከመቀመጣችሁ መስተንግዶው ስለተጀመረ አይታወቃችሁም። ስኳር የማይፈልገውን፣ ጤና አዳም የሚወደውን ታውቃለች። ቶናው ላይ ወሬው ይሞቃል። በረካውን ሳይጠጣ የተነሣ ሰው ካለ ስልክ ተደውሎለት ነው።

ለሦስትና ለአራት ሰው ይበቃል፣ ከዚያ በላይ አይመችም። ወገቡን የሚያመውን ሰው በርጩማ ላይ አታስቀምጡ። ክረምት ላይ ሸራው ያፈስሳል። የሚያጠግብ ምግብ የሚፈልግ ሰውም ፈጢራውን በልቶ 7 ሰዓት ላይ ምሳ ማለቱ አይቀርም።

ሒሳብ

የመጨረሻዋን 5 ደቂቃ ብዙ ቤት ይንቃታል። ሜኑ ለማምጣት የሮጠ አስተናጋጅ ሒሳብ ሲባል ይሰወራል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ሰዎችን እጃቸውን በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስከትተው ነበር። አንዴ 60 ሰከንድ። ሌላ ጊዜ ያው 60 ሰከንድ፣ ከዚያ ውሃው ትንሽ ለዘብ እያለ ተጨማሪ 30። የትኛውን ትደግማላችሁ ሲባሉ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ። መጨረሻው ስለተሻለ ብቻ። እኔ ይህን ሳነብ የታወሰኝ ሒሳብ ጠይቀን ስንጠብቅ ልጆቹ አበባውን የነቀሉበት ግቢ ነው።

ሆቴል ላይ ሌላም ነገር አለ። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ቫት ጨምሮ ይሁን ሳይጨምር ቀድማችሁ ጠይቁ። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ የሚጨምር ቤት ከሆነ፣ 15 በመቶ ቫት በላዩ ሲመጣ የ1,000 ብር ቁምሳ 1,265 ብር ይሆናል። ሲጠየቁ የማይነግሩ የሉም፤ ችግሩ የሚጠይቅ መጥፋቱ ነው። የአገልግሎት ክፍያውን ከፍላችሁም ቲፕ መስጠት ከፈለጋችሁ በእጁ ስጡት። ፉል ቤት ሒሳቡ በቃል ይነገራል፣ ቴሌብር ቁጥሩ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ እየሄዳችሁ ትከፍላላችሁ። ጀበና ሥር ደግሞ የጠጣችሁትን የምትቆጥሩት እናንተ ናችሁ። ሦስት ስኒ ጠጥቶ ሁለት ነው የሚል ሰው አይጠፋም፤ እሷ ግን ታውቃለች።

እንግዲህ ብቻችሁን ከሆናችሁና ከራባችሁ ፉል ቤት ነው፣ አታስቡበት። ሁለት ከሆናችሁ ካፌ፣ መብራት ካለ። የልብ ጓደኞች ከሆናችሁና ረሃባችሁ ካልከፋ ጀበና ሥር። ቤተሰብ ከሆነ ሆቴል፣ ግን ተዘጋጅታችሁ። አንድ ቤት ሁሉን ነገር እንዲያሟላ መጠበቁን እኔ ትቼዋለሁ። የሚበላውንና የሚጠጣውን ለያይቶ ሁለት ቦታ መሄድ ነውር የለውም።

የፊታችን እሁድ አጎቴ ተመልሶ ይመጣል። ትንሿ ልጅ ጅሬንን እስካሁን አላየችም። እዚያው ሆቴል ማታ እደውላለሁ፤ ለሁሉም ጨጨብሳ፣ ለልጅቷ ፓንኬክ፣ 3 ሰዓት ላይ። ማኪያቶ አናዝም። አጎቴ ያን ቀን በማሽን የተፈላውን ቡና ቀምሶ ስኒውን አስቀመጠና «ቡና የተገኘው እኛ አገር ጮጬ ነው፤ ይኼ ደግሞ የት ዞሮ ነው የመጣው?» ብሎኝ ነበር። ለቡናዋ ልጅ ነግሬያታለሁ። መደገፊያ ያለው ወንበር ከጎረቤት ትዋሳለች።